ሰዓቱን አልለቅ ያለ ሰው

አገሩን ለቆ ሰዓቱን አልለቅ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ዓረብ አገር፣ ጂዛን አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ እንዲያ ነው። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አዲስ ነገር በጨመረ ቁጥር ማሽኑ እሱ በጻፈው ፈተና ፕሮግራሙን ይፈትነዋል፤ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ያበራል። አንዴ ቀይ ብሎ ቀረ። አለቃው ሙዲሩ ደግሞ «ቀዩ ሳይጠፋ ኢጃዛ የለም» ብሎ፣ ወሎ ሄዶ እናቱን የሚያይበትን ፈቃድ ያዘበት። ልጁ ስህተቱን ሲፈልግ ከረመ፤ ጦርነት ካለበት ከቅርባችን ድንበር መድፍ ሲያጓራ እንኳ ቀና አይልም።

በመጨረሻ ሳቀ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙስ ደህና ነው። ፈተናው ላይ የጠዋቱን ሥራ መግቢያ ሁለት ሰዓት ብዬዋለሁ፤ ማሽኑ ስምንት ይላል።»

«ማሽኑ ሐበሻ መሰለህ እንዴ?»

አስተካከለው፤ አረንጓዴ በራ፣ ኢጃዛውም ተፈቀደ።

«አውሮፕላንህ ስንት ሰዓት ነው?» አልኩት።

«ሦስት።»

«በእኛ ነው በእነሱ?»

ለካ እኔንም የናፈቀኝ፣ ይህን ጥያቄ ማንም የማይጠይቅበት አገር ነው።