አራት ትከሻ

ከከብት ነጂነት ተነስቼ ወረታ ላይ ሱቅ የከፈትኩ ሰው ነኝና የማልቆጥረው ነገር የለም። ታዲያ ስቆጥር ኖሬ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ሰው በቁሙ ለምኖ ያጣውን ትከሻ ሲሞት ሳይለምን ያገኘዋል። አትሳቁ፤ የእናንተም መንደር ከዚህ አይለይም።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ቁሐር ሚካኤል አጠገብ አያ ተገኘ የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። በሬ ረግጦት ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ከመደቡ የማይነሳ፣ ሚስቱ እያጎረሰች የምታኖረው ሰው ነው። ሆኖም ማታ ላሞቹ ሲገቡ በድምፃቸው እየለየ በየስማቸው ይጠራቸዋል። የቀረች ካለች ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

አንድ ግንቦት፣ "ወንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዱኝ" አለ። "ጉማራ ወንዝ ሳይሞላ አሁኑኑ ውሰዱኝ። ሜዳው ላይ ውሃ ከተኛ መንገድ የለም፤ የዘንድሮው እርጥበት ደግሞ አይምረኝም።"

ቃሬዛ አራት ትከሻ ይፈልጋል። እኔና የሚስቱ ወንድም ዘውዱ ሁለት ሆነን፣ ቀሪውን ፍለጋ መንደሩን ዞርን። ሁሉም እርሻ ላይ ነው። ሰበቡ ግን እርሻ ብቻ አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌ ሞፈራቸውን እያስተካከሉ፣ "ልጆቼ፣ ይህም ኑሮ ሆኖ ነው? ፈጣሪ ቢያሳርፈው አይሻልም?" አሉን። የሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አዘኑለት፤ ያውም ከልባቸው። ሐዘን ቃሬዛ አያነሳም እንጂ።

ለአያ ተገኘ ስንነግረው ሳቀ። "ኑሮዬን በየትኛው ቁና ሰፈሩት? በሉ ሂዱና ሞቷል በሏቸው፤ በሬያቸውን ከነቀንበሩ ጥለው ይመጣሉ። ወንዛዬ ስንደርስ እነሳለሁ።"

"አያ፣ በሞት አይቀለድም" አለ ዘውዱ።

"እኔ እኮ የቀለድኩት በናንተ ነው።"

ጉማራ ሞላ። ሐምሌ ላይ አያ ተገኘ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ።

በመንደሩ ሕግ ከቀብር የቀረ ሰው እሳት እንኳ አይሰጠውም። አገሩ ሁሉ ወጣ። ሽማግሌው ሳይቀሩ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው "ተራዬን! ተራዬን!" ይላሉ። እኔና ዘውዱ ቃሬዛውን ከፊት ይዘናል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ዘውዱ ዞር ብሎ አየኝ።

"ይህን ያህል ቀሎ ነበር እንዴ?" አለኝ። "ይህን እኮ ሁለታችን እንችለው ነበር።"

ላሰላ ሞከርኩ። ስሌቱን ሳልጨርስ አንዱ ከኋላ ደርሶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"በል ልቀቅ እንጂ፤ ለኛም ይድረሰን።"