እምቢታን ያመነው ኤጀንት

እኛ ለእሺ የምንቸኩል ሰዎች አይደለንም። አንጀታችን በረሃብ ተጣብቆ ሰው ቤት ብንደርስ እንኳ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» እንላለን። ባለቤቱ አያምነንም፤ «በሞቴ» ይላል፣ እንግደረደራለን፣ በሦስተኛው ልመና እጃችንን እንታጠባለን። አንድ ቀን ባለቤቱ «ከበላህማ ይቅር» ብሎ ሳህኑን ቢያነሳስ? እኔ በበኩሌ ያን ቤት ዳግመኛ አልረግጥም።

ይህን ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ ዮናታን ነው። አትላንታ ያደገ፣ ሰው ሥራውን እንዳይረሳ የሚያስታውስ አፕ ሠርቶ ኩባንያ ያቋቋመ ልጅ ነው። ዘንድሮ ግን «ማስታወስ ድሮ ቀረ፤ ሥራውን ራሱ የሚሠራ ኤጀንት ነው የሚያስፈልገው» ብሎ ኩባንያውን በሙሉ ወደዚያ አዞረው። ኤጀንት ማለት ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ፣ ቀጠሮ የሚይዝላችሁና የሚሰርዝላችሁ፣ ምሳ የማይወጣ ጸሐፊ በሉት። ሠራተኞቹ ቢጠራጠሩበት ጊዜ ዮናታን የራሱን ኑሮ ለኤጀንቱ አስረከበ። ጋብቻውን ጭምር።

ሜሮንን ሊያገባ ነበር፤ እሷን ሲያይ የሚናገረው ይጠፋዋል። አባቷ አቶ ኃይሉ ዳውንታውን ፓርኪንግ ያላቸው፣ ወግ አጥባቂ ሰው ናቸው። ኤጀንቱ ቀጠሮ አስያዘልንና እኔ፣ ወዳጄ ሐጂ ከድርና አንድ ጓደኛችን ከረባታችንን አስረን ለሽምግልና ሄድን። እሳቸውም እንደ ደንቡ «ገና ልጅ ናት፤ አይሆንም» አሉን። ሜሮን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ፋርማሲስት ናት። ደስ ብሎን ወጣን። ለዮናታንም «አይሆንም ብለዋል» ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። በእኛ ደንብ ይህ ማለት ድንኳን ፈልጉ ነው።

መልእክቴን ቀድሞ ያነበበው ኤጀንቱ ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይኼኛው መልቀሙንም አያውቅበት። ወዲያው በጠራ አማርኛ ለአቶ ኃይሉ ጻፈ፦ «ጥያቄያችንን ጊዜ ሰጥተው ስለተመለከቱልን እናመሰግናለን። ውሳኔዎን እናከብራለን። ጉዳዩን ዘግተን ሌሎች አማራጮችን እንመለከታለን።» ዮናታን ከሜሮን ጋር የሚገናኝበትን እሑድም ሰርዞ ጂም ሞላበት።

ኮሌጅ ፓርክ ታክሲዬ ውስጥ ሆኜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ዮናታን ደወለ። «ጋሼ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ? ላይክ፣ ኤጀንቱ ጉዳዩን ክሎዝ አድርጎታል። ሜሮን ስልክ አታነሳም።» ከዚያ አለቀሰ። ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ ተሳፋሪውን ትቼ ወደ እሱ ነዳሁ።

እሑድ ጠዋት ዮናታንን ይዘን አቶ ኃይሉን ይቅርታ ልንጠይቅ ፓይን ሌክ እኔ ቤት ተሰብስበን ጫማችንን ስናስር በሩ ተንኳኳ። አቶ ኃይሉ ናቸው፤ ሱፍ ለብሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው። የሴት ወገን ለወንድ ወገን ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሜሮን ከኋላቸው እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ ማን እንዳመጣቸው መጠየቅ አላስፈለገም።

«እኔ እኮ አይሆንም ያልኩት ለወጉ ነው» አሉ፣ ላብ በላብ ሆነው። «ደግሞስ ሌሎች አማራጮች ማለት ምን ማለት ነው?»

ሐጂ ከድር ልማድ ሆኖበት «እስቲ እንምከርበት» ሊል አፉን ሲከፍት ዮናታን «ኖ፣ ኖ፣ እሺ ነው» ብሎ ዘለለ። ሁላችንም እስኪያመን ሳቅን፤ ሠርጉንም እዚያው ቆረጥን። ሦስት ዙር የሚፈጅብን ነገር በአንድ ጠዋት አለቀ።

ሳስበው አቶ ኃይሉን ያስደነገጣቸው የደብዳቤው ድፍረት አይመስለኝም። በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው የተናገሩትን ቃል እንዳለ ያመነላቸው የመጀመሪያው ያ ማሽን ነው።

አሁን ዮናታን ኤጀንቱን ሊያርም ተነስቷል፤ አማካሪው እኔ ነኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ አቀረበልኝ፦ «ጋሼ፣ ሐበሻ የምሩን እምቢ ሲል በምን ይታወቃል?»

ከጠየቀኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። እያሰብኩበት ነው ብዬዋለሁ።