ብቻዬን አምስት ሆኜ

«አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም» ያሉት አባቶች እውነታቸውን ነው፤ ኮምፒውተር አላዩማ። እኔ እማዋይሽ፣ ከአራተኛ ክፍል የተመለስኩት የመርሳ ሴት፣ በአንድ ጥንድ እጄ የአምስት ሰው ጭብጨባ አጨብጭቤያለሁ። ዋሸሽ የሚለኝ ካለ ቅጂው አለ፤ መጥቶ ይስማ።

የሰርግ ዘፈን መቼም ተቀባይ ይፈልጋል። ያለ ተቀባይ የሚያወርድ ሰው መንገድ ላይ ብቻውን ከሚያወራ ሰው በምን ይለያል? እኔ አወርዳለሁ፣ ባልንጀራዬ አሰገደች ትቀበላለች፤ ከሐራ እስከ ግራና ስንት ሙሽራ የሸኘነው እንዲሁ ነው። ባለፈው ጥር ግን ግራና ላይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ ብዬ ቆም ባልኩበት፣ አሰገደች ተቀባይነቷን ረስታ ራሷ አወረደችው። ሕዝቡም ተቀበላት። ያቃጠለኝ ይኸኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስንገናኝ እሷ ቲማቲም ትመርጣለች፣ እኔ ሰማይ አያለሁ። የቀሩት ተቀባዮች ጎረቤቶቿ ናቸውና አብረው አኮረፉኝ።

እንዲህ እንደተኮራረፍን የወንድሜ ልጅ የሙሉ ሰርግ ደረሰ። አክስቷ ያልዘፈነችላት ሙሽራ በኛ ቤት ታይታ አትታወቅም። ምን ይውጠኛል ስል ሙሽራዪቱ ራሷ፣ ወልድያ የተማረችው፣ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

«አክስቴ፣ ለራስሽ አንቺው ተቀበዪ። እንቀዳውና ሰርጉ ላይ እንከፍተዋለን።»

ስቱዲዮአችን የእህል ክፍሉ ሆነ። ባዶ ክፍል ድምፅን እንደ ገደል ያስተጋባል፤ የማሽላ ጆንያ ግን ዋጥ ያደርገዋል። እናንተም ጆንያ ከሌላችሁ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ዶሮዎቹን አስወጡ። የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠብቁ፤ መርሳ ላይ ለዚህኛው ትዕግሥት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ እንደ ልማዴ ለቀቅኩት። ስክሪኑ ላይ የድምፄን ልክ የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ቀላ።

«ማይኩን አትጉረሺው እንጂ። አንድ ስንዝር ራቅ በዪ። ከቀላ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ኋላ አይጠገንም።»

ያረረ ሽንኩርትም እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ገባኝ። የማወርደውን ቀዳን። ከዚያ እሱን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ ተቀባይዋን በሌላ መስመር ዘፈንኩ፤ ደግሞ በሌላ፣ ደግሞ በሌላ፤ ጭብጨባውንም መዳፌ እስኪቀላ። አምስት ተቀባይ ሆንኩ። የተበላሸውን ቆርጦ መጣል፣ ያማረውን ገልብጦ መድገም፣ ሁሉንም በሁለት ቀን ለመድኩት። ፊደል ብታስቸግረኝም መቁረጥ መች ያቅተኛል።

ሰማነው። አምስቱም እኩል ይገባሉ፣ እኩል ይወጣሉ፤ ሰልፍ የወጡ ወታደሮች ይመስላሉ። ሙሉ አንዷን ዘግየት፣ አንዷን ፈጠን አደረገች፤ አንዷን ወደ ቀኝ ጆሮ፣ አንዷን ወደ ግራ ወሰደች። ተሻለ። ግን አንድ ነገር ጎደለው። ማን እንደጎደለች ሁለታችንም አውቀናል፤ ማናችንም ስሟን አልጠራንም። አሰገደች ከሰው ሁሉ ኋላ ገብታ መጨረሻዋን ሳብ የምታደርጋት ነገር አለቻት።

በማግስቱ ቅጂውን በስልኬ ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ። ሰላም አላልኳትም፤ ከፈትኩት። ምስር እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ሦስተኛዋ ሴትዮ ማናት?»

«ምን ሆነች?»

«ቅኝቷ ወልቋል።»

«እኔ ነኝ።»

«ያቺ ትንፋሽ የሚያጥራትስ?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «አየሽ፣ እኔ ከሌለሁ አምስት ሆነሽም አትሞዪም። ቆይ፣ ነጠላዬን ላምጣ።»

እርቃችን ይኸው ነው፤ ሽማግሌም አልተቀመጠበት። ስድስተኛ ተቀባይ አድርገን መስመር ከፈትንላትና አንድ ጊዜ ዘፍና ጨረሰችው። ዘፈኑ ያኔ ነፍስ ዘራ፤ አልክድም። እኔም ሙሉ ዞር ስትል የአሰገደችን ድምፅ በትንሹ ዝቅ አደረግኩት። ታረቅን እንጂ ግራናን መች ረሳሁ።

የሰርጉ ቀን እኔና እሷ ፊት ቆመን ስናወርድ ቅጂው ከኋላችን ይቀበለን ጀመር። ዳሱ ተናወጠ። አንዲት የሙሽራው ዘመድ ጠጋ ብላ፣ «እነዚህ ሁሉ ተቀባዮች ከየት የመጡ ናቸው?» አለች።

አፌን ሳልከፍት አሰገደች ቀደመችኝ። «ስድስቱም እኔ ነኝ» አለቻት።

እኔም ቀጣዩን ግጥም አወረድኩ። እውነቱን ብናገር ታኮርፋለች፤ ብታኮርፍ ደግሞ ለአምስት ሰው ማጨብጨብ መዳፍ ይልጣል።