ነውር ብቻ የሚሰማ ጆሮ

ወንጀል ምንድን ነው? ነውርስ? ልዩነቱ ግራ ከገባዎት ካዛንቺስ፣ እኛ ግቢ ብቅ ይበሉና ጋሽ ተፈራን ይጠይቁ። የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ መልሱ ከአፋቸው አይጠፋም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ጎረቤታችን መስፍን ሚስቱን አልማዝን ሲደበድባት፣ የግቢው ሰው ሁሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ሮጣ ቤታቸው የገባችው፣ ቡና ቤት የምትሠራው ተከራይ ጽጌ ብቻ ናት። አልማዝን ደግፋ ስታወጣት ጋሽ ተፈራ ከበረንዳቸው ጮኹ።

«አንቺ! በዚህ አጭር ቀሚስ የሰው ትዳር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ደም እየፈሰሳት ነው እኮ!»

«እሱ የባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ያንቺ ግን የሞራል ጉዳይ ነው!»

በቃ፣ ተፈረደ። አከራይዋን አሳምነው ጽጌን ከግቢው አስወጧት፤ አልማዝን ደግሞ ከባሏ ጋር አስታረቋት። ጽጌ ፍራሿን ታክሲ ላይ ስታስጭን አልማዝ መስኮት ላይ ቆማ ታያት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አልማዝ እንደገና ጮኸች። በዚያን ቀን ግን ሮጦ የገባ አልነበረም። መስፍንን ፖሊስ ወሰደው፤ ለአልማዝ ድንኳን ተተከለ።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ተፈራ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች!» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም።»