ሸፋኙ ሳተላይቱን ከጥልቀት መለኪያው ጋር ያስታረቀበት ዕለት ዜና

አዲሱ ሞተር በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፣ የጀልባይቱ ጣሪያ ማፍሰስ በጀመረ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ማዕበል የወደቡን በር አሸዋ እንዳሻው አገላብጦ በሄደ ማግስት፣ የጥልቀት ለኪዎች አለቃ፣ ስልኩን በላስቲክ ላስቲኩን በጨርቅ ጠቅላይ፣ ያልተከደነ ነገር አይቶ የማያልፍ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ሸፋኙ» የሚለው ጀግና፣ የሳተላይት መቀበያውን ከጥልቀት መለኪያው ጋር ያገናኝ ዘንድ በማለዳ ተነሣ።

ነገሩም እንዲህ ነው። መለኪያው ውኃው ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ያውቃል እንጂ የት እንዳለ አያውቅም፤ መቀበያውም የት እንዳለ ያውቃል እንጂ ከበታቹ ያለውን አያውቅም። ሁለቱ ካልተነጋገሩ አሸዋው የት እንደተከመረ አይታወቅ፣ አሸዋው ካልታወቀ የወደቡ ሹም መግቢያ አይፈቅድ፣ ካልፈቀደም ውጭ የቆመችው የመንገደኞች መርከብ አትገባ። በዚያች መርከብ ላይ፣ አንባቢ ሆይ ልብ በል፣ የሸፋኙ እናት ነበሩ፤ ባሕር ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፣ ልጃቸውን ካዩ ደግሞ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተከተለው፦ ካፒቴኑ፣ መሪ ጨብጦ ማንቀላፋት የሚችል፤ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ባለ አምስት ካቻቢቴ፣ ከአምስቱ ሁለቱ የጠፉበት፤ ወጥ ቤቷ፣ እመቤተ ማድቤት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚስል፤ እኔም መዝገብ ያዡ፣ የዚህ ዜና ጸሐፊ፣ ለሥራው ቅንጣት ያልጠቀምሁ።

በመጀመሪያው ውጊያ ሸፋኙ የመቀበያውን መናገሪያ ሽቦ ከመለኪያው መናገሪያ ሽቦ ጋር ቋጠረ፤ ሁለቱም ተናጋሪ ሆኑ፣ ሰሚ ግን ጠፋ። ሽቦውን ፈትቶ መናገሪያውን ከመስሚያው ጋር ባጋጠመ ጊዜ፣ አንዱ በዝግታ ሲናገር ሌላው በችኮላ ያዳምጥ ኖሮ፣ ስክሪኑ ላይ ሰይጣን እንኳ የማያነበው ፊደል ተርመሰመሰ። ፍጥነታቸውንም አስተካከለ፤ ንግግሩ ጥርት ብሎ መጣ፣ ግን ባዶ ነበር፤ ቁጥር ሊኖርበት በሚገባው ሁሉ ኮማ፣ ኮማ፣ ኮማ። የተያዘ ሳተላይት ዜሮ።

ወአሜሃ ሸፋኙ ገመድ ለወጠ፣ ሶኬቱን እፍ እፍ አለበት፣ ጠረጴዛውን በጥፊ መታ። ኤሌክትሪሺያኑም «ዕቃው ደህና ነው፤ ሰማዩ ነው የተበላሸው!» ብሎ አወጀ። ይህ ሲሆን እመቤተ ማድቤት ወደ ማድቤቷ በር ወጥታ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ትልቁ ድስቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቷል። ድስቴ ካልተመለሰ ምሳ የሚባል ነገር እንዳታስቡ!» ስትል አዋጅ አስነገረች። ጀግናውም በቁጣ «እናቴ ባሕር ላይ ቀርታ የድስት ወሬ የሚያወራብኝ ወዮለት!» የሚል የመልስ አዋጅ አወጣ።

አፍታም ሳይቆይ፣ ወደቡ ሁሉ በሚሰማው ሬዲዮ የእናቲቱ ቃል ደረሰ፦ «ልጄ፣ አንጀቴ ወጥቶ አለቀ እኮ! ባሕሩን የምታውቀው አንተ አይደለህም እንዴ? በል አስገባኝ።» ሸፋኙም ሆዱ ባባ፤ ሰው እንዳያየው ፊቱን በመሀረብ ከለለ።

እመቤተ ማድቤት ግን የሌባ ዱካ ፍለጋ ጀልባይቱን ስትዞር ዓይኗን ወደ ላይ አነሣች። እሰይ! ድስቱ በምሰሶው ጫፍ፣ በሳተላይት መቀበያው አንቴና ላይ እንደ ዘውድ ተደፍቶ፣ በሦስት ቋጠሮ ታስሮ ተቀምጧል። ሸፋኙ ራሱ ትናንት ሲመሽ፣ አንቴናው ጨዋማ ውኃ እንዳይነካው ብሎ ደፍቶበት ረስቶት ኖሯል። እርሷም ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፣ ቋጠሮውን ፈታች፣ ድስቱን አነሣች፤ በስክሪኑም ላይ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ ሳተላይት ተሰለፈ።

ከዚህም በኋላ የወደቡን በር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ እንደ እርሻ አረሱት፤ ከአሮጌው መንገድ በስተግራ ጥልቅ መተላለፊያ ተገኘ፣ ሹሙ ፈቀደ፣ መርከቢቱም ገባች። ካፒቴኑ «ስለ ድስቱ ለእናቱ ትንፍሽ ያለ፣ አልምረውም!» ብሎ አወጀ፣ ሁላችንም ማልን።

እናቲቱ ከመርከቢቱ ሲወርዱ ሕዝቡ ልጃቸውን አወደሰ። እርሱ ግን ውዳሴውን መዋጥ አቃተው፤ በሰው ሁሉ ፊት «እማዬ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያንገላታሁሽ እኔ ነኝ። አንቴናው ላይ ድስት ደፍቼ ረሳሁት» ብሎ አወጀ። ከውጊያው ሁሉ ይህ ከበደው።

እናቲቱ በወጥ ቤቷ እጅ ያለውን ድስት አዩ፣ ልጃቸውንም አዩ፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ታዲያ ምን አጠፋህ? ዕቃ ተከፍቶ አይደር ብዬ ያሳደግሁህ እኔ አይደለሁ? ይልቅ ላብህ ሳይደርቅ ንፋስ እንዳይመታህ።» ይህን ብለው ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውርደው ራሱን እስከ አንገቱ ጠቀለሉት።

ክብር ይሁን ለሸፋኙ፣ ባሕርን ለለካ፣ ሰማይን ከውኃ ላስታረቀ፣ የድስቱን ጥፋት ላመነ! በእናቱ ሻርፕ ውስጥ ግን እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ከእኛ ያየው የለም፤ በደንብ ተሸፍኖ ነበርና።