ምራቂ ያለበት ጥይት

ትንፋሽ ይመዝናል። አትሳቁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ከእጅ ስልክ ብዙም የማትበልጥ ሚዛን አለች። ቁጥሯ ዜሮ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ጠጋ ብላችሁ «እህ» ብትሉ፣ ቁጥሩ እንደ ደነገጠ ፌንጣ ይዘላል። ብዙ የማላወራው እንግዲህ አንድ «እህ» ስንት እንደሚመዝን ስለማውቅ ነው።

ውሸቴን ነው። የማላወራው ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው።

ምን ያህል ዓይን አፋር? ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ አውቶቡስ ውስጥ ወራጅ የሆነ ሰው ገመድ ይስባል። ሲስበው «ቲንግ» ይላል። «ቲንግ» ሲል ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያይ ይመስለኛል። ስለዚህ እኔ አልስብም፣ ሌላ ሰው እስኪስብ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እኔ የምወርድበት ቻምበርስ ሮድ ላይ የሚወርድ ሰው ጠፋ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይም ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሌላ ከተማ፣ እንግልውድ ደረስኩ። አንዲት አሮጊት ስትወርድ ተከትያት ወረድኩና፣ ወደ ቤት የሚመልሰኝን አውቶቡስ ስጠብቅ ገመድ የሚስብ ፊት ያለው ሰው የተሳፈረበትን መረጥኩ።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት የስምንተኛ ክፍልን ፈተና እንደ ምንም አልፌ ነው። እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ያሉት አስተማሪዎቼ በየሪፖርቱ የሚጽፉት አንድ ነገር ነው፦ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ብትናገር። ብናገር ምን እንደምል ግን አንዳቸውም ጽፈው አያውቁም።

ዝምታዬ የሚፈለግበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም የአጎቴ ጋራዥ ነው።

አጎቴ ጀማል፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው፣ ታክሲ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ የተኩስ ሜዳ ሄዶ ወረቀት ላይ ያነጣጥራል። ይህን አመል ያስያዙት የሥራ ጓደኛው ጋሽ ሀብቶም ናቸው። ጋሽ ሀብቶም ስልሳን ያለፉ፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛቸው ከእኛ ይልቅ የጠራ ነው፣ ሲሳደቡ እንኳን ሰዋስው አይስቱም። ጥይት ከየሱቁ በጠፋበት ሰሞን ሁለቱም የተኮሱትን ባዶ ቀለሃ እየሰበሰቡ ቤታቸው እንደገና መሙላት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ቀለሃ ለቃሚ ሆንኩ። አጎንብሶ የሚሠራ ሥራ ደስ ይለኛል፣ ሰው ፊት አይታይበትም።

አሞላሉ ሲታይ ቀላል ነው። ቀለሃው ይጸዳል፣ ሥሩ ላይ ማቀጣጠያ ይገጠምለታል፣ ባሩድ ይጨመርበታል፣ ከዚያ አረሩ አፉ ላይ ተጭኖ ይደፈናል። ጣጣው ያለው ባሩዱ ላይ ነው። አንድ የሽጉጥ ጥይት የሚፈልገው ባሩድ እንቁላል ላይ ከምትነሰንሱት ጨው አይበልጥም። ጋሼ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ ድስት ሙሉ ወጥ ላይ አንድ ቁንጥጫ ጨው ቢያልፍ ማንም አያውቅም፣ አንድ እንቁላል ላይ ቢያልፍ ግን አይበላም። ይሄኛው እንቁላል ደግሞ የሚፈነዳው እጅ ውስጥ ነው። ጋሽ ሀብቶምም ባሩድ በዝቶበት እንደ ሙዝ የተላጠ ሽጉጥ በፎቶ አሳይተውኛል። የባለቤቱ ጣቶችስ ብዬ በዓይኔ ጠየቅኳቸው። «እነሱ ፎቶው ላይ የሉም» አሉኝ።

ስለዚህ ጋሼ አይገምትም። መጀመሪያ ከልኩ ትንሽ አጉድሎ የሚዛኗ ሳህን ላይ ያደርጋል። ከዚያ ባሩድ የያዘች ቀጭን ቱቦ በሁለት ጣቱ ያሽከረክራል። ባሩዱ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ፍሬ እያለ ይወርዳል። አንድ ፍሬ ካለፈ በወረንጦ ይለቅመዋል። በወረንጦ! የሚስቱ የእትዬ ዘሀራ የቅንድብ ወረንጦ ነው፣ ስትፈልገው አግኝታው አታውቅም። በየመሀሉ ደግሞ ሚዛኗ እንዳታታልለው ክብደቱ የታወቀ የብረት ፍሬ እያስቀመጠ ይፈትናታል። ሕጉም ጥብቅ ነው። ማራገቢያ የለም። በር አይከፈትም። ወሬ የለም። ማስነጠስ የፈለገ ግቢው ውስጥ አስነጥሶ ይመጣል። «ሀዩ፣ አንቺ እኮ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ» ይለኛል በሹክሹክታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ዝም በማለቴ የተመሰገንኩት በሕይወቴ እዚያ ብቻ ነው።

እትዬ ዘሀራ ግን ለዚህ ሥራ አልተፈጠረችም። መርካቶ በርበሬ ተራ፣ እናቷ ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው። በሩን ከፍታ «ምሳ» ስትል ብቻ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ይዘላል። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ባወራ ቁጥር የሚደነግጥ ምን ዓይነት ሚዛን ነው?» ትለዋለች። አንዴ ጋሼ በሌለበት ኮረሪማ መዘነችባት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጋሽ ሀብቶም የጥይቱን ሳጥን አሸተቱና «ጀማል፣ ዛሬ የምንተኩሰው ዶሮ ወጥ ነው እንዴ?» አሉት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ጋሼና ጋሽ ሀብቶም ሊወዳደሩ ተቀጣጥረዋል። የተሸነፈ ያሸናፊውን ታክሲ አንድ ወር ሙሉ ያጥባል። ጋሼ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ ሃምሳ ቀለሃ አቁሞ፣ ባሩዱን አንድ በአንድ መዝኖ ጨመረባቸው። አረሩን ሊገጥም ሲል አንድ የታክሲ ደንበኛው ደወለና ኤርፖርት አድርሰኝ አለው። «ማንም እንዳይነካ» ብሎኝ ወጣ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ዘሀራ ገባች። ጎንበስ ብላ ቀለሃዎቹን ወደ ውስጥ አየች። ከዚያ እጇን ጉንጯ ላይ ጣል አደረገች።

«ውይ ጀማል! ግማሽ እንኳን አልሞላም እኮ! ነገ ይሄን ይዞ ነው ሰው ፊት የሚቀርበው?»

ምራቂን የማያውቅ ካለ እዚህ ላይ ልንገረው። መርካቶ ልኩን ብቻ ሰፍሮ ዝም የሚል ነጋዴ የለም። ጣሳውን ሞልቶ ከገለበጠላችሁ በኋላ በሦስት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ከላይ ጣል ያደርጋል። ያቺ ምራቂ ናት። እሷን የነፈገ ነጋዴ ስሙ ይጠፋል። እትዬ ዘሀራ አሜሪካ መጥታም አልተወችውም። ሌክውድ አንድ ሱቅ ውስጥ ለውዝ እየመዘነች ስትሸጥ፣ ምራቂ በመጨመሯ አለቃዋ ሁለት ጊዜ መክሯታል። ሁለቱንም ጊዜ ለእሱም ቆንጠር አድርጋ ሰጥታዋለች።

እና እጇን የባሩዱ ዕቃ ውስጥ ሰደደች። በሦስት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ «ቢስሚላህ» አለችና አንደኛው ላይ ጨመረች። «ቢስሚላህ» ሁለተኛው ላይ። ሃምሳ ጊዜ ቢስሚላህ አለች፣ አንዱንም አላዳላችም።

እኔስ? እኔማ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋራዡ ውስጥ የተማርኩት ያንን አይደል? በመጨረሻ አፌን ስከፍት እትዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እንዳትነግሪው የኔ ቆንጆ። ሲያሸንፍ ራሱ ይገረም።» አፌን መልሼ ገጠምኩት።

ጋሼ ሲመለስ ቸኩሎ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳይደፍን በፊት በባትሪ እያበራ ውስጣቸውን ያያል። ያን ቀን ግን «ማንም አልነካም አይደል?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ለማንኛውም ጥያቄ መልሴ አንድ ነው፣ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። አንገቴ እኔን ሳያማክር ነው የሚነቀነቀው። እሺ ብሎ አረሮቹን ገጠማቸው። ሃምሳ ጥይት፣ ሃምሳ ምራቂ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የጥይቱን ሳጥን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ፊት ለፊት ሁለቱ ይፎካከራሉ። ጋሽ ሀብቶም የታክሲያቸው ጎማ መሀል ያለው ጭቃ በጥርስ ብሩሽ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። «ጋሼ» አልኩ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ጋሼ» አልኩ ደግሜ።

«ልጅቷ አንድ ነገር አለች መሰለኝ» አሉ ጋሽ ሀብቶም።

«ሀያት? አትልም» አለ ጋሼ በኩራት። «አንድ ዓመት ሙሉ አብራኝ ስትሠራ አንድ ቀን ሚዛኔን አልረበሸችም!»

ከዚህ በኋላ እንዴት ተደርጎ ይወራል? ሜዳው ደርሰን ፓርክ ሲያደርግ ግን ቆረጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ተናገርኩት። ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱም ወርደው በሩን ዘግተዋል።

ሮጬ ደረስኩባቸው። መስመሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ቆመዋል። ሁሉም ያንን ትልልቅ የጆሮ መከላከያ አድርገዋል፣ ጋሼም አድርጓል። ከጀርባው ቆሜ «እትዬ ባሩድ ጨምራበታለች» አልኩ። ጥርት አድርጌ ነው ያልኩት፣ አስተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ያለቅሱ ነበር። ጋሼ ዞሮ አየኝና «አይዞሽ፣ አሸንፋለሁ» ለማለት አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

አውራ ጣቱን አየሁት። የተላጠው ሙዝ ትዝ አለኝ።

ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው «ሲዝ ፋየር» ብሎ መጮህ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁሉም መተኮስ ያቆማል ይላል። ማንኛውም ሰው! ጋሼ ሽጉጡን አነሳ።

«ሲዝ ፋየር!»

ማን ነው እንዲህ የጮኸው ብዬ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም። እኔ ነኝ ለካ! ሃያ ሰው መሣሪያውን አስቀመጠ። ሃያ ሰው የጆሮ መከላከያውን አወለቀ። ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ። የአውቶቡስ ገመድ መሳብ የሚያሳፍረኝ ልጅ የኮሎራዶን ገመድ በሙሉ ሳብኩት።

ሜዳውን የሚቆጣጠረው ግዙፍ ሰውዬ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የነበረችኝ እንግሊዝኛ ጥላኝ ሄደች። ወደ ጋሼ ዞርኩ።

«እትዬ ምራቂ ጨምራበታለች።»

«ስንቱ ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

ጋሼ የመርካቶ ልጅ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ፊቱ አመድ መሰለ። ሽጉጡን ቀስ ብሎ አራገፈ፣ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ሰውዬው አሁንም ስላልገባው ጋሽ ሀብቶም በእንግሊዝኛ አስረዱት፦ ሚስቱ በጣም ስለምትወደው ከልኩ በላይ ባሩድ ጨምራለታለች። ሰውዬው ብዙ አሰበና «ሊፋቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሼ ሳይተኩስ ተሸነፈ። ቤት ገብተን ሃምሳውንም ጥይት መዶሻ በሚመስል መፍቻ አንድ በአንድ እየመታን ፈታናቸው። እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ ስትሰማ ደንግጣ አለቀሰች። ቆይታ ግን ተቀየመች፣ ምራቂዋ ሲመለስባት የመጀመሪያዋ ነው። ጋሼ የጨመረችው ስንት እንደሆነ ለማየት ባሩዱን መዘነ። አንደኛውን መዘነ፣ አሥረኛውን መዘነ፣ ሃምሳኛውን መዘነ። ትርፉ ሁሉም ላይ እኩል ነው! አንድ ፍሬ እንኳን አይበላለጥም። ጋሼ በሚዛን፣ በቱቦና በወረንጦ አንድ ዓመት የለፋበትን እሷ በሦስት ጣቷ ጨርሳዋለች። «ሚዛንህን ጣልና እኔን ቅጠረኝ» አለችው። ከዚያ ባልዲ ይዛ ወጥታ የጋሽ ሀብቶምን ታክሲ አብራው አጠበች። ጋሽ ሀብቶም ታክሲያቸውን ዞር ዞር ብለው አዩና «ውጩ ጸድቷል፣ ውስጡንስ በምራቂ?» አሉ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሆንኩ። አንዴ የተከፈተ አፌ አልዘጋ አለ። አውቶቡስ ላይ ገመድ ስቤ ሹፌሩን አመሰግናለሁ። አስተማሪዬ ሪፖርቷን ልትቀይረው ነው። ጋሼም ለሚያገኘው ሁሉ «ጣቴን ያተረፈችልኝ እሷ ናት» እያለ ያስተዋውቀኛል።

በሚቀጥለው ዓርብ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብለናል። ጋሼ ትንፋሹን ይዞ ቱቦዋን ያሽከረክራል፣ ልኩ ሊሞላ አንድ ፍሬ ቀርቶታል። እኔ ደግሞ የግዙፉ ሰውዬ ነገር ትዝ አለኝ። «ጋሼ፣ ግን እኮ ‹ሊፋቱ ነው?› ሲል» ብዬ ሳቄን ለቀቅኩት። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ።

ጋሼ አልተቆጣም፣ ጋራዥ ውስጥ አይወራም። ብቻ ያተረፍኩለትን ጣት ቀስሮ በሩን አሳየኝ።