ሁሉም ሰው ስምሽን የሚያውቅበት ኮሌጅ

ሰሞኑን የፖስታ ሳጥናችንን በከፈትኩ ቁጥር ዛፍ ይወጣል። እውነተኛ ዛፍ አይደለም፤ የኮሌጅ ማስታወቂያ ላይ የታተመ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ከሥሩ ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠው ይስቃሉ። አንዷ ጥቁር ናት፣ አንዱ ነጭ ነው፣ ሦስተኛው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ እንዳይታወቅ ተጠንቅቀው የመረጡት ይመስለኛል። ሦስቱም መጽሐፍ ይዘዋል። የሚያነብ ግን የለም። ከሥር በትልቁ ተጽፏል፦ «እዚህ ሁሉም ሰው ስምሽን ያውቃል።»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይኼ ተስፋ ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

እኛ እኮ ሁሉም ሰው ስማችንን ከሚያውቅበት አገር ነው የመጣነው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ደርሰንም አልቀረልንም። ሂልቶፕ ሰፈር ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን አንድ እሁድ ብቀር እስከ ማክሰኞ ስድስት ሰው ኮል ያደርግልኛል። አንዷ መታመሜን፣ አንዷ ማርገዜን፣ ሌላው ደግሞ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መኮብለሌን ለማጣራት። እኛ በነፃ የምንሰቃይበትን ነገር አሜሪካኖቹ «ካምፓስ ካልቸር» ብለው በሚያምር ወረቀት ያትሙታል።

የዛፉ ወረቀት የሚመጣው በልጄ በሶስና ስም ነው። ሶስና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው መስከረም እራት ላይ ቀና ብላ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ከሁሉም ትምህርት ትንሽ ትንሽ የሚቀመስበት ዓይነት፣ መግባት እንደምትፈልግ ነገረችን። አባቷ ደስ አለው። እኔ ሹካዬን ጣልኩ። ለምን እንደጣልኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ልጁ ኮሌጅ የደረሰ ወላጅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሹመት ነው በሉት። ከሦስት ዓመት በፊት የመጡት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። እትዬ ብዙነሽ ከከተማው ዳር ሂሊያርድ ውስጥ አረጋውያን ሲንከባከቡ የኖሩ፣ ዙሪያ ጥምጥም የማይወዱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ናትናኤል ትንሽ ኮሌጅ ካልገባሁ ብሎ አስቸግሯቸዋል።

«ሲጨርስ ምን ሆኖ ይወጣል?» አሉኝ።

ነርስም ኢንጂነርም ሆኖ እንደማይወጣ፣ በዋናነት ማሰብን እንደሚማር ነገርኳቸው።

«እስካሁን ሳያስብ ነው እንዴ ያሳደግኩት?»

ፈጥኜ ወደ ምክሬ ተሻገርኩ። ለሁሉም የምሰጠው አንድ ምክር ነው። ዛፉን አትዩ፣ ምግብ ቤታቸው ገብታችሁ ብሉ እላለሁ። ብቻውን የሚበላ ተማሪ ፈልጉና ማን አጠገቡ እንደሚቀመጥ ጠብቁ። ቶሎ ሰው ከተቀመጠ ኮሌጁ ጥሩ ነው። እትዬ ብዙነሽ እንዳልኳቸው አደረጉ። ናትናኤልም ገባ። ለመጀመሪያው የታንክስጊቪንግ፣ የኅዳሩ የምስጋና በዓል፣ እረፍት ሲመጣ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልነካም አለ። እናቱ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። «እኔ ጴንጤ ሆኜ ከሁዳዴ ወጣሁ። ልጄን ኮሌጅ ብልከው ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ይዞ መጣ» አሉኝ።

ልጁ ግን ደስተኛ ነው። ጓደኛ በጓደኛ ሆኗል። ማሰብም ሳይጀምር አልቀረም፤ እናቱን ይከራከራል። የእኔም ስም በዚያው ገነነ።

ለምን እኔን ይጠይቁኛል? የእንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ምሩቅ ስለሆንኩ ነዋ። ይኼን ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል። የማያውቀው ኮሌጁ ብቻ ነው።

አዎ። አልተመረቅኩም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። እኔ ከጠመጠምኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እንግሊዝኛዬ ገና ሲጎትት፣ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ተቀበለኝ። ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት ተኩል በበቆሎ መሃል ተነድቶ ይደረሳል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ታምሩ በቫናቸው ወሰዱኝ። የጉባኤው እህቶች ብርድ ልብስና ድስት አዋጥተውልኛል። ጋሼ ታምሩ የተማሪዎች ማደሪያ በር ላይ፣ ቁምጣ የለበሰ ወጣት ሁሉ ወዲያ ወዲህ በሚልበት ሰዓት፣ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በኋላ ሳስበው፣ እዚያ ኮሌጅ ያሳለፍኩት ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ያ ነበር።

ምክንያቱም በማግስቱ ክብ ጠረጴዛ ገጠመኝ። አሥራ ሁለት ተማሪ ዙሪያውን ተቀምጧል። መምህሩም ከእኛው ጋር፣ እንደ አንዱ። ጥቁር ሰሌዳ የለም፣ የኋላ ወንበር የለም፣ የሚደበቁበት ሰፊ ጀርባ የለም። መምህሩ ያነበብነውን ትቶ ምን እንደተሰማን ይጠይቃል። እኔ ያደግኩት ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ነው። እዚያ ዝም ያለች ልጅ ጨዋ ትባላለች፣ ትሸለማለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ደግሞ ዝም ስል አሥራ ሁለት ሰው በርኅራኄ ያየኛል። አንድ ልጅ ቃል እንዳገኝ ብሎ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ያበረታታኝ ነበር። ያን ልጅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

መሸሸጊያዬ ምግብ ቤቱ ሆነ። ጥግ ይዤ ብቻዬን እበላለሁ። ግን ኮሌጁ ጥሩ ኮሌጅ ነበርና ቶሎ ቶሎ ሰው አጠገቤ ይቀመጣል። በሰባተኛው ሳምንት መምህሩ ራሱ ትሪውን ይዞ መጣ። በስሜ ጠራኝ፤ ስሜንም አስተካክሎ ነው የጠራኝ። ደህና መሆኔን ጠየቀኝ። አርብ ዕለት ዕቃዬን ሸክፌ ወጣሁ።

ኮሎምበስ ተመልሼ ሊንደን ሰፈር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ክፍል ተከራየሁና የከተማችን ግዙፉ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሦስት መቶ ተማሪ አንድ አዳራሽ፣ መምህሩ ከሩቅ የምታዩት ነጥብ። ገነት በሉት። ማንም ስሜን ሳይጠራ በኬሚስትሪ ተመረቅኩ። ዛሬ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና እመረምራለሁ። ናሙና ምን ተሰማሽ ብሎ አይጠይቅም።

ታዲያ ለጋሼ ታምሩ ማን ይንገራቸው? ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ ድስት። ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ። እሁድ እሁድ ከሊንደን፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ። ሰዎች ግን ያን የበቆሎ መንገድ እየተመላለስኩ የማመልክ መሰላቸው። ጋሼ ታምሩ አንድ ቀን መድረክ ላይ ቆመው፣ ከዚህ ከአፍንጫችን ሥር ከብሮድ ስትሪት እየመጣችሁ የምታረፍዱ ይህችን ልጅ አይታችሁ እፈሩ አሉ። ከሁሉ በላይ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ።

በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ፣ ሰኔ ላይ ምሩቃን ጋዋን ለብሰን መድረክ እንወጣለን፤ ጋሼ ታምሩ የእያንዳንዱን ስምና ትምህርት ቤት ከቁራጭ ወረቀት ያነባሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ ወረቀቱን አላዩም። «ይህችንስ እኔው ነኝ ያደረስኳት» ብለው የዚያን ትንሽ ኮሌጅ ስም ጮክ ብለው ጠሩ። ሕዝቡ እልል አለ። ሽማግሌን በአደባባይ ማረም ይቻላል? እናንተ ብትሆኑ ታርማላችሁ? እኔ በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ይኸው ነው ወንጀሌ። በእግዚአብሔር ፊት አንድም የውሸት ቃል አልወጣኝም። ከዚያ በኋላ ያገባሁት ባሌ እንኳ የሰማው ከጋሼ ታምሩ ነው። ዲፕሎማዬ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብስ በታች ይኖራል።

እንግዲህ ሹካዬን የጣልኩት ለዚህ ነው። ሶስና የመረጠችው ኮሌጅ የእኔው ነዋ።

ስለ ስሜ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ሶስና ዝምተኛ ናት። ቤተ ክርስቲያን ትልልቅ ሰዎች ትምህርት እንዴት ነው ሲሏት «ደህና» ትላለች። እነሱም ጉንጯን ይስሙና «እንዴት ያለች ጨዋ፣ ቁርጥ እናቷን» ይላሉ። ቤት ውስጥም ንግግሯ «ያ»፣ «ኖ» እና «ፋይን» ነው። የትምህርት ቤት መምህሮቿ ክፍል ውስጥ ጎበዝ ተናጋሪ ናት ይሉኝ ነበር። አላመንኳቸውም። አሜሪካ ውስጥ መምህር ስለ ልጅ ክፉ ተናግሮ ያውቃል? ስለዚህ ልጄ ያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ፣ ያ ጭንቅላቱን የሚነቀንቅ ልጅ ሲያበረታታት ይታየኝ ጀመር። ዝም ብል ስሜ ይተርፋል፣ ልጄ ትጠፋለች። ብናገር ልጄ ትተርፋለች።

ኮሌጁን ለመጎብኘት የሄድን ቀን፣ ሁለታችን ብቻ መኪና ውስጥ ሳለን፣ በቆሎው ሲጀምር ተናገርኩ። ሶስና አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አወጣች።

«ሰባት ሳምንት?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ሰባት።»

«ማለት፣ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ሳለ፣ ከትንሹ ነው ብለሽ ዋሸሽ?»

«አልዋሸሁም። ነቀነቅኩ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት?»

«ቀስ እያልኩ።»

ከዚያ ስለ ጠረጴዛው ነገርኳት። አንቺም እንደ እኔው ነሽ፣ እዚያ መደበቂያ የለም፣ ትልቁ ይሻልሻል አልኳት። «ኦኬ» አለችና ማዳመጫዋን መልሳ ሰካች። ሰበርኳት ብዬ አለቀስኩ፤ እየነዳሁ ስለነበር በአንድ ዓይኔ ነው።

ኮሌጁ ስንደርስ ያው ዛፍ፣ ያው ቀይ ቅጠል። ጎብኚ ተማሪዎችን ለናሙና ያህል ክፍል አስገቧቸው። ወላጆች ግድግዳ ተደግፈን እንድናይ ተፈቀደልን። ክቡ ጠረጴዛ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አልቀየሩትም። አንዲት ወጣት መምህርት ጥያቄ አቀረበች፦ ከተማ መሃል ያለ ያረጀ ዛፍ ይቆረጥ ወይስ ይቅር? ማን ይጀምር አለች። እኔ በልማዴ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ፤ ወላጅ መሆኔን ረስቼ።

አንድ ድምፅ ጀመረ። ጥርት ያለ፣ የማይጣደፍ። ደፋር ናት፣ የማን ልጅ ትሆን ብዬ ቀና ስል የእኔ ናት። እጆቿን እያወናጨፈች በክርክሯ ዛፉን አስቆረጠች። አንድ ልጅ ሲቃወማት ዞራ መለሰችለት። አጠገቧ አንገቷን የደፋች ልጅ ነበረች፤ አንቺስ ብላ ጠየቀቻት፤ ልጅቷም ስትናገር እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች አበረታታቻት። በመጨረሻ መምህርቷ ፈገግ ብላ ለሌሎችም ዕድል እንስጥ አለቻት። የእኔን ልጅ፣ ያችን ጨዋ፣ ሰው ዝም በይ አላት።

ምግብ ቤት ስንቀመጥ ይኼ ሁሉ ንግግር የት ነበር አልኳት።

«ማሚ፣ እኔ እኮ ዓይናፋር አይደለሁም» አለች በእንግሊዝኛዋ። «አማርኛ ነው የሚያልቅብኝ። ቃሉን ፈልጌ ሳገኘው እነሱ ጨዋ ልጅ ብለውኝ ሄደዋል።»

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የልጄን የቃላት እጥረት እንደ ሥነ ምግባር ቆጥሬ ስኮራበት ነበር። ምስጢሬንም በከንቱ ነው ያወጣሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ሃያ ሁለት ዓመት አድሮ፣ ልክ በማያስፈልግበት ጠዋት ጠራ።

ይሁን፣ ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው አልኩ። ሶስና ኮሌጁ እንደተቀበላት፣ ለእሁድ ማስታወቂያ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእጄ ጻፍኩ፦ ሶስና እዚህ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ እናቷ ግን እዚያ የቆየችው ሰባት ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ የተመረቀችውም ከሌላ ስለሆነ ጉባኤውን ይቅርታ ትጠይቃለች። ወረቀቱን አጥፌ ጋሼ ታምሩ እጅ ላይ አኖርኩና ከሶስና ጋር ኋላ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ታምሩ አሁን ሸብተዋል። መነጽራቸውን አደረጉ። የሶስናን አነበቡ፤ እልል ተባለ። የእኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንዴ በልባቸው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሼ ታምሩ ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ወገኖቼ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። «ይህች እህታችን ከትሕትናዋ ብዛት፣ ክብሩን ሁሉ ለልጇ ለመተው፣ እኔ እዚያ አልተመረቅኩም ብላ ጽፋለች። በቫኔ ያደረስኳትን ልጅ። እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል?»

ጉባኤው አሜን አለ። እትዬ ብዙነሽ ዞረው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሶስና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ልናገር?» አለችኝ። በንጹሕ አማርኛ።

«አንቺ እኮ ጨዋ ልጅ ነሽ» አልኳት፤ ከወንበሬ ብድግ ብዬም ለጉባኤው እንደ ያኔው አንገቴን ነቀነቅኩ።